ጥርስ የነከሰው ወረቀት

መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ
ጥቅምት 8 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልጄ ሔሩይ፣

ሰላምታውን ረዘም አድርጌ ልጀምርልህ ነበር። ነገር ግን አንተ በላክኸው ደብዳቤ «እንደምን ሰነበትሽ» የሚለውን ሳትጨርስ «ዕቃሽን ሰብስቢ» ወደሚለው ስለገባህ፣ እኔም ሰላምታዬን ወደ ታች አውርጄዋለሁ። እስከ መጨረሻው ካነበብክ ታገኘዋለህ።

መጀመሪያ የሮማናት አደባባዩን ነገር እንጨርስ። ለተመድህን በስልክ እንደ ነገረችህ አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ግድግዳ የተካፈልኳት ጎረቤቴ ናት፤ ምን ብላ እንደ ነገረችህም አውቃለሁ። «ባጃጅ ሊገጫት ነበር፣ ጥሩንባውን አልሰማችም» ብላሃለች። እውነቱ ባጃጁ አደባባዩን የዞረው በተቃራኒው ነው። ጥፋቱ የሱ ነው። የኔ ጉዳት ክርኔ ትንሽ መላጡ ብቻ ሲሆን እሱም ድኗል። ደግሞስ ሮማናት ላይ ጥሩንባ የማይነፋ ማን አለ? ሁሉንም ልስማ ያለ ሰው አደባባዩን ሳይሻገር ይመሽበታል።

«ስልክ ስደውል ለምን ለለተመድህን ትሰጫታለሽ?» ላልከው ደግሞ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸግሮኛል። ደብዳቤ ይሻላል። ደብዳቤ ላይ ሥዕል መሣል ይቻላል፤ ባርናባስም ከባድ መኪናውን ይዞ ወደ ሀዋሳ በወረደ ቁጥር ያደርስልናል። ተማሪዬ ነበር፤ እምቢ ቢለኝ ውጤቱን ዛሬም እቀንስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ማሂ ክፍሉን ቀለም ቀብታ፣ አልጋ አስገብታ እንደምትጠብቀኝ ጽፈሃል። እግዚአብሔር ይስጣት። ሚስትህን እንደምወዳት ታውቃለህ፤ አንዳንዴ ከአንተም ይልቅ። ግን ከዚህ ቤት አልወጣም። ከደብረ ሲና መጥቼ እዚህ ከተማ አውቶ መካኒክ ሳስተምር ሃያ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። አባትህን፣ ነፍሱን ይማርና፣ የቀበርኩት እዚህ ነው። ሞተር ያስቸገረው ሰው ሁሉ «መምህር የሺ ትስማው» እያለ ይመጣ የነበረው እዚህ በር ላይ ነው። ሀዋሳ ሄጄ ምን ልሥራ? ዓሣ ልቁጠር?

ስለዚህ እንወራረድ። ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ የሰጡኝን ትንሿን መኪና ታስታውሳታለህ፤ አንድ የውጭ አገር መምህር ሲሄድ የተዋት፣ በሪሞት የምትነዳ፣ ክንድ የምታህል፣ እውነተኛ ሞተር ያላት። የምትጠጣው ነዳጅ ከማደያ የሚቀዳ አይደለም፣ ልዩ ነው፤ እሱም አልቋል። እንግዲህ ወደ ኤሌክትሪክ ልለውጣት ነው። አንተ የፋብሪካ ሞተር ስትጠግን የምትውል ሰው ስለሆንክ ሞተሩን ምረጥልኝና ላክ። ሥራው የኔ።

ለፋሲካ ስትመጣ መኪናዋ ከደጄ ተነሥታ፣ በኮብልስቶኑ እስከ ገብረዝጊ ቶርኖ ቤት ሄዳ፣ በራሷ ጎማ ከተመለሰች ስለ ሀዋሳ ሁለተኛ አታነሳብኝም። ካልተመለሰች ፍራሼን ራሴ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ብቻዬን መኖር የማልችል አሮጊት መሆኔንና አለመሆኔን መኪናዋ ትፍረድ።

ሰላምታዬ ይኸውና፦ እንደምን አለህ ልጄ? ከስተሃል ሲሉኝ ሰምቻለሁ። ብላ።

እናትህ የሺወርቅ


ሀዋሳ
ኅዳር 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

እማዬ፣

ሰላምታሽ ከታች በኩል ቢመጣም ደርሶኛል። አልከሳሁም። ማሂ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ቆማ እያነበበች «እኔን ካንተ ይልቅ የምትወድ መሆኗን አስምርበት» ብላኛለች፤ ይኸው አሰመርኩበት።

ውርርዱን ተቀብያለሁ። ማሂ «ከእናትህ ጋር አትወራረድ፣ ትረታሃለች» ትላለች። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ ብትረቺኝ አልከፋም። የምከፋው ሮማናት ላይ የሆነው ነገር ሌላ ቀን ቢደገም ነው። ክርንሽ ብቻ ሆኖ ስለማይቀር ነው።

በሳጥኑ ውስጥ ያለው ሞተር ካርቦን የሌለው ነው። አንቺ ስታስተምሪን የድሪሉ ሞተር ካርቦን እያለቀ እንቀይር ነበር፤ በዚህኛው ውስጥ ግን የሚፋተግ፣ የሚያልቅ ነገር የለም። ሦስት ሽቦ ይወጣለታል። ሦስቱንም ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ጋር አገናኚያቸው፤ ወደ ኋላ ከዞረብሽ ሁለቱን አቀያይሪ፣ የትኞቹም ሁለቱ ቢሆኑ ግድ የለም። ባትሪውን ከተሰበሩ ድሪሎች አውጥቼ ራሴ ነው የገጣጠምኩት። ሲሞላ ትተሽው ገበያ እንዳትሄጂ፤ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከመኪናዋ ላይ ሞተሩን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ የጭሱን ማርሚታና ፍሪሲዮኑን አውጪ። ፍሬኑም አያስፈልግም፤ አዲሱ ሞተር ራሱ ይይዛታል። ከትንንሾቹ ሞተሮች መሪውን የሚያዞረውን ብቻ አስቀሪ። ሞተሩን የሚሸከመውን ሰሌዳ ገብረዝጊ ከአሉሚኒየም ይቁረጥልሽ፤ ልኩን ከጀርባ ሥዬዋለሁ። የሰሌዳው ቀዳዳዎች ረዘም ያሉ ይሁኑ፣ ሞተሩ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ትልቁ ጥርስ መጠጋትና ከሱ መራቅ እንዲችል።

አሁን የኔ ጥያቄ። ነዳጁ አልቋል ብለሻል። ባለፈው ክረምት ስመጣ መጋዘኑ ውስጥ ሦስት ያልተከፈተ ጋሎን በዐይኔ አይቻለሁ። ያንን ሞተር ደግሞ ትወጂው ነበር። «ይዘፍናል» ትዪ ነበር። ምን ሆነ?

ልጅሽ ሔሩይ


መቀሌ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለተከበርከው መሐንዲስ ልጄ፣

ሳጥኑ ደርሷል። እግዜር ይስጥልኝ። ባርናባስ ሳጥኑን ሲሰጠኝ ብዙ ነገር አወራኝ፤ ሲስቅ እኔም ሳቅኩ። ደህና ልጅ ነው።

የሦስቱን ጋሎን ነገር አንስተሃል። ያ ነዳጅ እርጥበት ይስባል፤ ቆይቶ ይበላሻል። የተበላሸ ነዳጅ ደግሞ ያለቀ ነዳጅ ነው። ይህን ለማስረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ራስ ሳይጠና ጉተና ይሏል ይህ ነው፤ የእናቱን መጋዘን ገብቶ የሚፈትሽ ልጅ።

ሥራውን ልንገርህ። መኪናዋን ፈታሁ። በሁለት ቀን አለቀች። በካቻቢቴ የሚፈታውን እያንዳንዱን ቪቴ ከየት እንደወጣ እየጻፍኩ ካርቶን ላይ ወጋሁት፣ ተማሪዎቼን እንደማስተምራቸው። አሮጌውን ዘይት በብሩሽ አጥቤ ሻንሲው ፊትህን እስኪያሳይህ ድረስ ወለወልኩት። ሞተሩ ሲወጣ ባዶው ቦታ ሰፊ ሆነብኝ፤ ለቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ገብረዝጊ ሰሌዳውን በአንድ ከሰዓት ቆረጠው። የአንተን ሥዕል አይቶ «ጽቡቕ እዩ፣ መምህር» ብሎ ካመሰገነ በኋላ ሥዕሉን ትቶ በራሱ ልክ ሠራው፤ የሱ ልክ ነው ትክክል የመጣው። ቀዳዳዎቹን ረዘም አድርጎልኛል። ሽቦዎቹን በሻንሲው ሥር አሳለፍኩ፣ በፕላስቲክ አሠርኩ። የመጀመሪያው ቀን ወደ ኋላ ዞረች፤ ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ፣ ቀናች። እስከዚህ ድረስ መምህርህን አድንቅ።

አሁን ያልተሳካውን። ትንሹ ጥርስ ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ርቀት እንደ ልማዴ በጆሮዬ አስተካክዬ ቡሎኖቹን አጠበቅኩ። ጎማዎቿን ከጠረጴዛው ከፍ አድርጌ ለሙከራ አዞርኳት። ደስ የሚል ነበር። ጥቂት ደቂቃ እንደሄደች ገብረዝጊ ከመንገድ ማዶ እጁን እያወናጨፈ ሮጦ ገባና «ኣጥፍእዮ! ኣጥፍእዮ!» እያለ ራሱ ባትሪውን ነቀለው። ነገረኛ ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ። ሳየው ትልቁ ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ፕላስቲኩ እንደ ዱቄት ሻንሲው ላይ ተበትኗል። ወለወልኩት።

የፕላስቲክ ጥርስ መቼም የማይረባ ነገር ነው። ሌላ ላክልኝ፣ ሁለት ላክ። ውርርዱ እንዳለ ነው። ፋሲካ ገና ሦስት ወር አለው።

የገናን በዓል ከለተመድህን ጋር ነው የምውለው፤ ዶሮውን እሷ ገዝታለች። ለማሂ ሰላምታዬን ከነመሳሜ አድርስልኝ።

እናትህ


ሀዋሳ
ጥር 24 ቀን 2010 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ፣ ዘግይቼም ቢሆን። ሁለት ትልልቅ ጥርስ ልኬልሻለሁ፣ ከብረት ነው፤ ፕላስቲኩን ከእንግዲህ አትወቅሺም።

የተበላው ጥርስ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለ። ጥርስ ዝም ብሎ አይበላም። ከመበላቱ በፊት ይጮሃል፤ ጎረቤት የሚያስወጣ ጩኸት ነው። ገብረዝጊን ከመንገድ ማዶ አስነሥቶታል። ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ አንድ ላንድሮቨር በመንገዱ ሲያልፍ «ይህ ሰው ቫልቩን ካላስተካከለ ውቅሮ አይደርስም» ያልሽውን አስታውሳለሁ። መኪናውን እንኳ አላየሽውም ነበር። በማግስቱ በሌላ መኪና ተጎትቶ ሲመለስ በር ላይ ቆመን አየነው፤ አንቺ አልሳቅሽም፣ እኔ ነኝ የሳቅኩት።

አልጨቀጭቅሽም። ጆሮ የማይፈልግ ዘዴ ግን አለ፤ እዚህ ያሉ ልጆች ሁሉ የሚሠሩት በሱ ነው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል መኖር ያለበት ክፍተት የአንድ ወረቀት ውፍረት ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩበት ወረቀት ልኩ ነው፣ ሆን ብዬ መርጬዋለሁ። ከግርጌው ጣት የሚያህል ባዶ ትቻለሁ፤ እሱን በመቀስ ቁረጪው። በሁለቱ ጥርሶች መካከል አስገቢውና ሞተሩን ገፍተሽ አጠጊው፣ ቡሎኖቹን አጥብቂ፣ ከዚያ ጥርሱን በእጅሽ አዙሪ። ወረቀቱ በሌላ በኩል ይወጣል። የጥርስ ምልክት ኖሮት ካልተቀደደ ልክ ነው። ከተቀደደ ጠብቋል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትዪኝ ነበር። እኔ ቸኩዬ አላውቅም። እጠብቃለሁ።

ልጅሽ ሔሩይ


መቀሌ
የካቲት 16 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልጄ ሔሩይ፣

ጾሙ እንዴት ይዞሃል? እኔን ተስማምቶኛል።

ሠራሁት! የወረቀቱ ዘዴ ጥሩ ዘዴ ነው፤ በኔ ዘመን ባውቀው ኖሮ ስንት ተማሪ ከጭቅጭቅ ይድን ነበር። እንዳልከው ቆርጬ አስገባሁት፤ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተጣጥፎ ወጣ፣ አንድም ቦታ አልተቀደደም። የሠራ መሣሪያ አይጣልም ብዬ አስቀምጬዋለሁ። የብረቱ ጥርስ ሰዓት ሙሉ ዞሮ ሳየው የጭረት ምልክት እንኳ የለውም።

ግቢ ውስጥ ነዳኋት። ልጄ፣ ይህች መኪና ድሮ እንዲህ አልነበረችም! ድሮ ጭስ ነበር፣ ገመድ መሳብ ነበር፣ ካንዴላ ማሞቅ ነበር። አሁን ጣቴን ስነካ ትወረወራለች። በለተመድህን የልብስ ገመድ ሥር ሁለት ጊዜ አለፈች። ድምፅዋንስ ብትሰማው! ስትሮጥ እንደ ወፍ ታፏጫለች።

ፍራሼን አልጠቀልልም። ለማሂ ንገራት፤ ክፍሉን ለእንግዳ ታድርገው።

እናትህ የሺወርቅ፣ የውርርዱ ባለቤት


ሀዋሳ
መጋቢት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን ሠራሽው። እንደምትሠሪው አውቅ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቄሽ ነበር፤ በትሕትና፣ አንቺ በምትመርጪው ቃል እንድትመልሺልኝ። መልሱ ስለ ፉጨት ሆነ። ይህን ከአንቺ አልጠበቅኩም። ሌላ ሰው ቢዋሸኝ እስቃለሁ፤ አንቺ ስትዋሺኝ ግን እሑድ ሙሉ ከማሂ ጋር ሳላወራ ዋልኩ።

ስለዚህ መኪናዋ ገብረዝጊ ቤት ደርሳ ብትመለስም ባትመለስም ለፋሲካ ከባርናባስ ጋር ባዶ መኪና ይዘን እንመጣለን። ዕቃሽን እንጭናለን። ልትቆጪኝ ትችያለሽ። በሕይወት ሆነሽ ብትቆጪኝ ይሻለኛል።

ሔሩይ


መቀሌ
መጋቢት 11 ቀን 2010 ዓ.ም.

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የጥር ወሩንም አውጥቼ ሦስት ጊዜ ከፊትም ከኋላም ፈለግኩ። የጠየቅከኝን ነገር አላገኘሁትም። ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ሳትጠይቀኝም ልነግርህ ይገባኝ ነበር፤ ይኸው ልንገርህ።

አልሰማም።

ቀኝ ጆሮዬ ከአምና ጀምሮ ሞቷል። ግራው በር ሲላተም ይሰማል፣ ሰው አጠገቤ ሆኖ ሲጮህ ግማሹን ይሰማል፣ ሌላውን ከአፉ አነባለሁ። ባርናባስ ሲያወራኝ የሳቅኩት እሱ ስለሳቀ ነው። ስልኩን ለለተመድህን የምሰጣት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም። የባጃጁ ጥሩንባም ተነፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ ልጅ እያለቀሰ ነው ያነሣኝ። ጥፋተኛ ያደረግኩት አላግባብ ነው።

ነዳጁ አላለቀም፣ አልተበላሸምም። ሦስቱም ጋሎን እንዳየሃቸው አሉ። ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ። ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ቪቴ በጆሮ ነው የምታስተካክላት፤ ነዳጅ ሲያጥራት ድምፅዋ ይቀጥናል፣ ይጮሃል፣ መንገደኛ ሁሉ ይሰማዋል። እኔ ጩኸቷን አልሰማሁም። የደከመች መስሎኝ ደግሜ አጠበቅኩባት። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀረ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወደ ኤሌክትሪክ ልለውጣት ያልኩት ለዚህ ነው፤ ጆሮዬን የማትጠይቀኝ መኪና ፈልጌ ነው። እንደ ወፍ ታፏጫለች ያልኩህ ገብረዝጊ ነግሮኝ ነው።

መኪናዋ ትናንት ገብረዝጊ ቶርኖ ቤት ደርሳ ተመልሳለች። ሁለት ጊዜ። ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበ፣ እጃቸውን አይቻለሁ። ውርርዱን አሸንፌ ነበር። መኪናዋን ዐይኔን ሳልነቅል ስከተላት ግን ከኋላዬ ሞተር ሳይክል መጣ። ለተመድህን በነጠላዬ ጎትታ ግንቡ ላይ ለጠፈችኝ። ነጠላው ከጥለቱ ተቀደደ። ቤት አስገብታ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፣ አገጬን በእጇ ይዛ አፏን እንዳይ አደረገችኝ። «የሺ ሓፍተይ፣ እህቴ፣ እኔ አንቺን በነጠላ እየጎተትኩ ልኖር አልችልም። ለወለድሽው ልጅ ሓቂ ንገሪ» አለችኝ። ከዚያ እሷም አለቀሰች። መቀሌ ውስጥ ለተመድህን ስታለቅስ ያየ ሰው የለም።

ስለዚህ ና ውሰደኝ። በውሸት የያዝኩት ውርርድ ነው፤ አይጸናም። መሣሪያዬን ግን በሙሉ ነው የምጭነው፣ ከባዱን የብረት መያዣ ሞርሳዬንም ጭምር። ለማሂ ይህንን ንገራትና ወለሉ ይችለው እንደሆነ ጠይቃት።

*

መጋቢት 13

ከላይ ያለውን ለባርናባስ ከመስጠቴ በፊት መሣሪያዬን መሰብሰብ ጀምሬ ነበር። ክፍተት የምለካበትን የፊለር ጌጄን ቅጠሎች በየውፍረታቸው ስደረድር የአንተ ወረቀት ከመካከላቸው ወጣ፤ ያ እንደ ሽንሽን የተጣጠፈው። ልጥለው ስል ጀርባው ላይ ቀለም አየሁ።

የጥር ወር ደብዳቤህ በመጣ ቀን «ቁረጪው» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን ትቼ መቀስ አነሣሁ። ሳልገለብጠው ነው የቆረጥኩት። መካኒክ ነኛ! የጠየቅከኝን ነገር ደብዳቤው ላይ ሳጣው የቀረሁት ለዚህ ነው፤ ግርጌው እኔ ጋ በመሣሪያ ሳጥን ውስጥ ነበር። ጥርሱ ፊደሎቹን በየመሥመሩ ነክሷቸዋል፣ ግን ይነበባሉ። አንተ የረሳህ እንደሆነ ልጻፍልህ፦

«እማዬ፣ ጆሮሽ እንደከዳሽ የተበላው ጥርስ ነግሮኛል። ከአፍሽ እስክሰማው እጠብቃለሁ። ራስሽ ከነገርሽኝ፣ መኪናዋ ብትሮጥም ባትሮጥም፣ ስለ ሀዋሳ ሁለተኛ አላነሳም።»

እኔም ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬም አነበብኩት። ከጥር ጀምሮ ታውቅ ነበር። እኔ ስለ ፉጨት ስጽፍልህ አንተ ታውቅ ነበር። ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እሑድህን ስላበላሸሁብህ ይቅር በለኝ።

ይህንን ካልኩ በኋላ ግን ወደ ውርርዱ እንመለስ። ራሴ ነግሬሃለሁ። የነገርኩህም መጋቢት 11 ነው፤ ወረቀቱን ያገኘሁት መጋቢት 13። ለተመድህን ምስክር ናት፤ ደብዳቤውን ስጽፍ አጠገቤ ነበረች። «ና ውሰደኝ» ያልኩትን ከላይ ያለውን ሰርዘው። እኔ ራሴ ያልሰረዝኩት አንብበህ ትንሽ ደስ እንዲልህ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፣ አልልክልህም፣ መሣሪያዬ ነው።

እንዳትሰጋም የሠራሁትን ልንገርህ። የበሩን መጥሪያ ሽቦ ከደወሉ ነቅዬ ከሳሎኑና ከመኝታ ቤቱ አምፖል ጋር አገናኝቻለሁ፤ ሰው ሲጫን ቤቱ ሁሉ ብልጭ ይላል። የጃንጥላዬ እጀታ ላይ የሞተር ሳይክል መስታወት አሥሬያለሁ፣ ኋላዬን አይበታለሁ። ለተመድህን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር፤ አሁን ግን «ለኔም አምጪልኝ» ብላለች። ሐኪም ዘንድ ከሷ ጋር እሄዳለሁ፣ ቀጠሮ ይዛልኛለች።

ሞተር መስማትም አልተውኩም። ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርጌ እጀታውን በጥርሴ እነክሳለሁ። አጥንት ይሰማል። ትናንት የገብረዝጊ ቶርኖ ላይ ሞከርኩት፤ «የኋላው ኩሽኔታ ሊያልቅ ነው» አልኩት። ከፍቶ አየው። «ኣጆኺ መምህር፣ እንደ ድሮሽ ነሽ» አለኝ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳነበው።

ለፋሲካ ና። በሩን ግን አታንኳኳ፣ መጥሪያውን ተጫነው።

እናትህ የሺወርቅ


ሀዋሳ
መጋቢት 21 ቀን 2010 ዓ.ም.

እማዬ፣

ባርናባስ ነገ ሲነሣ አብረን ነን፤ ይህ ደብዳቤ ከኔ ጋር ነው የሚደርስሽ። ለምን ትጽፋለህ አለችኝ ማሂ። ፊት ለፊት ስንገናኝ መጮህ አልፈልግም፤ ጮክ ብዬ ልነግርሽ የማልችለውን እዚህ ላይ አንብቢው።

ውርርዱን ተረትቻለሁ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። በመጋቢት መጀመሪያ ውሸታም ስላልኩሽ ይቅር በዪኝ፤ ጥያቄዬን ሳታነብ ወረቀቱን የቆረጠችው መካኒኳ መሆኗ አሁን ነው የገባኝ። ስቄ ሳበቃ አለቀስኩ፣ ከዚያ ለማሂ ሁሉንም አነበብኩላት።

መኪናው ባዶ ይመጣል ብዬሽ ነበር። ባዶ አይደለም። ማሂ ቀለም ከቀባችው ክፍል አልጋውን ፈታን፤ ጭነነው እንመጣለን። የእኛ ነው። ከእንግዲህ በየበዓሉ ስንመጣ የምንተኛበት ያስፈልገናል። የሞርሳሽን ጠረጴዛ ትንሽ ወደ ግድግዳው አስጠጊልን።

ስንደርስ መጥሪያውን እጫነዋለሁ። አምፖሉን እዪ።

ልጅሽ ሔሩይ